ሦስት ስንኝ፣ አንድ ሥዕል፦ ከተማን በሃይኩ ለማክበር

ሃይኩንና (ባለ ሦስት ስንኝ የጃፓን አጭር ግጥም) ሥዕልን አንድ ወረቀት ላይ ማገናኘት የቆየ ጥበብ ነው። ጃፓኖች ሃይጋ ይሉታል፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ገጣሚው ማትሱኦ ባሾ (እ.ኤ.አ. 1644–1694) ለገዛ ሃይኩዎቹ ይሥል ነበር። ዮሳ ቡሶን (1716–1784) ደግሞ መተዳደሪያው ሥዕል የሆነ ገጣሚ ነበር፤ ሁለቱን እጆች አንድ ሰው ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያጠናው የእሱን ሥራ ነው።

ከተማን የሚያከብር ኤግዚቢሽን፣ የግድግዳ ፖስተር ወይም ትንሽ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። ጥምረቱን ከምንም በላይ የሚገድለው ሥዕሉ ግጥሙ ያለውን መድገሙ ነው። ግጥሙ ድልድይ ካለ ሥዕሉም ድልድይ፣ ግጥሙ ዝናብ ካለ ሥዕሉም ዝናብ ከሆነ ተመልካቹ አንዱን አይቶ ሌላውን ይዘለዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ይህን ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ በእግር

ጃፓኖች ሃይኩ ለመጻፍ በቡድን የሚወጡበት ጉዞ ጊንኮ ይባላል። ለከተማ ሥራ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ገጣሚዎችም ሠዓሊዎችም አብረው ይውጡ፤ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሁለት ይከፈሉ። መንገዱ አጭር፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ይሁን። ረጅም መንገድ የያዘ ሰው ይሄዳል እንጂ አያይም። ሁለት ሰዓት ስጧቸው፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ማንም አይጻፍ፣ ፎቶም አያንሳ።

በማስታወሻው ላይ የሚሰፍረው ግጥም ሳይሆን ዝርዝር ነገር ነው፦ ያዩት፣ የሰሙት፣ የሸተታቸው፣ እጃቸው የነካው። «ደስ የሚል ሰፈር» ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ በኋላ ለምንም አይሆንም። «የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ የረጠበ ካርቶን» ግን ግማሽ ሃይኩ ነው። ሠዓሊውም በበኩሉ ከ5 እስከ 10 ፈጣን ንድፍ ይያዝ፤ እያንዳንዱ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ሃይኩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያደሰው ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902) ገጣሚዎችን ሲመክር የነበረውም ይህንኑ ነው፦ እንደ ሠዓሊ ካዩት ነገር በቀጥታ መንደፍ። ሐሳቡንም ያገኘው ከሥዕል ነበር።

በሐውልቶችና በታወቁ ሕንፃዎች ላይ መረባረብ ያጓጓል። ተቆጠቡ። የከተማው ሰው ሐውልቱን ፖስታ ካርድ ላይ አይቶት ጠግቧል፤ ልቡን የሚነካው በየቀኑ እያለፈ ያላስተዋለው ነገር ነው። የታወቀው ሕንፃ ይግባ ከተባለ ከሩቅ ይግባ። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሂሮሺጌ ከ1856 ጀምሮ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ላይ በሠራቸው ተከታታይ የእንጨት ኅትመቶች ብዙ ጊዜ የተጠቀመበት ዘዴ አለ፦ አንድ ተራ ነገር፣ ለምሳሌ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የፋኖስ ጎን፣ ከፊት ለፊት ግዙፍ ሆኖ ይቆማል፤ ከተማው ከጀርባው በትንሹ ይታያል። ለዛሬ ከተማም ይሠራል። የአውቶቡስ መያዣ እጀታ ከፊት፣ ሰማይ ጠቀሱ ከኋላ።

ግጥሙን በአማርኛ ማበጀት

የሃይኩ ልክ በሦስቱ ስንኞች በተራ 5፣ 7፣ 5 ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ምን እንደሚቆጠር ቡድኑ ከመጀመሪያው ይስማማ፤ አለዚያ አንዱ ፊደል ሌላው ድምፅ ሲቆጥር ሥራው ይዘበራረቃል። የሚሻለው በግጥማችን የለመድነው ቀለም ነው፦ በጽሑፍ ያለው ፊደል ሳይሆን ጆሮ የሚሰማው ምት። «መብራት» አራት ፊደል ቢሆንም ቀለሙ ሁለት ነው፤ መብ እና ራት። «ዝናቡ» ግን ሦስት ፊደልም ሦስት ቀለምም ነው። በጣት እያንኳኳችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። በዚህ ልክ አንድ ሃይኩ 7 ወይም 8 ቃል ገደማ ይይዛል።

ሁለት የጆሮ ልማዶች ያስቸግራሉ። አንደኛው የወል ቤት ነው፦ 6 እና 6 የለመደ ጆሮ ሁለተኛውን ስንኝ ወደ 6 ይጎትተዋል፤ አንድ ቀለም የጎደለ መካከለኛ ስንኝ ሲበዛ የምታዩት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ቤት መምታት ነው። ሃይኩ ቤት አይመታም። ሦስቱ ስንኞች አንድ ዓይነት ፊደል ላይ ካረፉ ነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስላል፤ አንባቢው መደምደሚያ ይጠብቃል እንጂ ምስሉ ላይ አይቆምም። ሳይታሰብ ቤት ከመታ የቃሉን ቅደም ተከተል ቀይሩ።

ልክ ብቻውን ግን ሃይኩ አያደርግም። ይህን ተመልከቱ፦

ከተማዬ ሆይ
ውበትሽ የማይነገር
የዓለም ኩራት

ቢቆጠር 5፣ 7፣ 5 ነው። ነገር ግን የትኛዋም ከተማ ናት፤ የሚታይ ነገር የለውም፣ ሠዓሊውም የሚይዘው አያገኝም። ለከተማ ክብር በሚዘጋጅ ሥራ ከሚቀርቡት ግጥሞች ብዙዎቹ እንዲህ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም «ማክበር» ሲባል ሰው ማወደስ ይመስለዋል። አንድ ከተማ የሚከበረው በትክክል ሲታይ ነው። ይህንኛው ደግሞ አንዲትም የውዳሴ ቃል የለውም፦

ያላለቀ ፎቅ፤
ሰባተኛው መስኮት ላይ
ወፍ ጎጆ ሠራች።

ሲሚንቶውና ብረቱ ተነግሮን ሳያልቅ መጀመሪያ የገባው ነዋሪ ታየ። ስለ ከተማው ዕድገት፣ ስለ ጥበቱም፣ ስለ ተስፋውም የተባለ ነገር የለም፤ ሁሉም ግን አለ።

ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ያለችው ድርብ ሰረዝ ሥራ አላት። ጃፓኖች ሃይኩን ለሁለት የሚከፍሉበት የመቁረጫ ቃል አላቸው፤ እኛ ዘንድ ሥራውን ሥርዓተ ነጥብ ወይም ማሰሪያ ግሥ ይሠራዋል። ቁርጡ አንድ ብቻ ይሁን፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ። ሁለት ቦታ ከተቆረጠ ሦስት የተበታተኑ ነገሮች ይሆናሉ። ጭራሽ ካልተቆረጠ ደግሞ ለሦስት የተሰበረ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው።

የወቅት ነገርም አለ። በልማዱ ሃይኩ ወቅትን የሚጠቁም ቃል ይይዛል፤ ያለ ወቅት በሰው ጠባይ ላይ የሚያተኩረው አጭር ግጥም ሴንሪዩ የሚባል ሌላ ዘር ነው። የከተማ ገጣሚ ያለ ሜዳና ያለ አዝመራ ወቅትን ከየት ያምጣ? ከጥላ ርዝመት። ከጃንጥላ፣ ከአቧራ፣ ከሕንፃ መስታወት ላይ ከሚመለስ ፀሐይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከሚሸት እርጥብ ልብስ። የትምህርት ቤት ደወል ዝም ያለበት ሳምንትም ወቅት ነው። በከተማ ወቅት በሰዎች ልብስና በመንገዱ ወለል ላይ ይነበባል፤ ገጣሚው ቀና ከማለት ይልቅ ዝቅ ብሎ ቢያይ ብዙ ያገኛል።

ምርጫው ያለ ስም

ኩካይ የሚባለውን የጃፓን ገጣሚዎች ስብሰባ ሥርዓት ብትከተሉ ብዙ ቅሬታ ይቀርላችኋል። እያንዳንዱ ሦስት ሃይኩ ያቀርባል። አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊደልና መጠን ይገለብጣል፤ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ሁሉም አምስት አምስት ይመርጣል፤ የራሱን መምረጥ አይችልም። ድምፅ የተሰጠው ግጥም ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የመረጠው ሰው ለምን እንደመረጠ ይናገራል። የገጣሚው ስም የሚገለጸው ከዚያ ወዲያ ነው።

ለአንድ ክፍል ኤግዚቢሽን ከ12 እስከ 20 ጥምረት ይበቃል። ሲመረጥ ድምፅ ብቻ አይታይ፤ ስለ መኪና መጨናነቅ አምስት ግጥም ቢያልፍ አራቱ ይቅሩ። ጠዋቱም ሌሊቱም፣ ዳር ሰፈሩም መሀሉም መወከሉን አረጋግጡ።

ጥምረቱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ አውሉት።

ሥዕል ከግጥም ጋር በሦስት ዓይነት ርቀት ሊቆም ይችላል። በጣም ሲቀርብ የተባለውን ያሳያል፤ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ጓደኛ አይሆንም። በጣም ሲርቅ ተመልካቹ ተሳስተው የተሰቀሉ ይመስለዋል። የሚፈለገው መካከለኛው ነው፦ ሥዕሉ ግጥሙ ያልጠራውን ነገር ያሳያል፣ ሁለቱ ግን አንድ አየር ይተነፍሳሉ። የባሾ ተከታዮች በቅብብሎሽ ግጥም አንዱን ስንኝ ከሌላው ሲያያይዙ በነገር ሳይሆን በ«ሽታ» ይዛመድ ይሉ ነበር፤ የአበባ ሽታ ማለታቸው ነው፣ ከአበባው ርቆ የሚደርሰው።

በምሳሌ እንየው፦

ዝናቡ ቆመ፤
ቀዩ መብራት አስፋልት ላይ
ሁለቴ በራ።

ሠዓሊው መጀመሪያ የሚመጣለት የረጠበ መንገድና ውሃው ላይ የተንፀባረቀ ቀይ መብራት ነው። ያ ከሆነ ግን «ሁለቴ» የምትለዋ ቃል ሞተች፤ አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የነበረውን ሥዕሉ ቀድሞ ነገረው። በምትኩ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ገና የሚያንጠባጥብ የታጠፈ ጃንጥላ ይሣል፤ በጥቁር ቀለም ብቻ። ከጫፉ ሥር ባለችው የውሃ ጠብታ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ትደረግ፣ የሽንብራ ፍሬ የማታክል። አሁን ግጥሙ መንገዱን፣ ሥዕሉ ባለጃንጥላውን ይዟል፤ ሰውየው ወዴት እንደገባ ለተመልካቹ ተትቷል። ቀይዋን ነጥብ ሁለት ብታደርጓት ሁሉም ይፈርሳል።

ሌላ፦

ገና ሳይነጋ፤
ባዶ አውቶቡስ መጣ
መብራቱን ይዞ።

አውቶቡስ አትሣሉ። በር ሥር የተቀመጠ ጥንድ የሥራ ጫማ ቢሆንስ? ወይም ከመጋረጃ ሥር የምትታይ ቀጭን የብርሃን መስመር። ሁለተኛው ለግጥሙ ቀረብ ይላል፣ ምክንያቱም ብርሃን በሁለቱም ውስጥ አለ፤ እኔ ጫማውን እመርጣለሁ።

ሠዓሊው ሐሳብ ሲያጣ የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። የግጥሙን ስሞች በሙሉ በወረቀት ይዘርዝር፦ ዝናብ፣ መብራት፣ አስፋልት። እነዚህ ተከለከሉ። ከዚያ «እዚህ ቦታ ላይ ግጥሙ ያላየው ማን ነበር? ከአንድ ደቂቃ በፊት ምን ሆነ? ከአንድ ደቂቃ በኋላስ?» ብሎ ይጠይቅና ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የአውራ ጣት ስፋት ያላት ንድፍ ይሥራ። ከሦስቱ ንድፎች አንዷ ትገኛለች፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

ግማሹ ጥምረት ከግጥም፣ ግማሹ ከሥዕል ቢጀምር ኤግዚቢሽኑ አንድ ዓይነት አይሆንም። ከሥዕል ሲጀመር ገጣሚው የሚታየውን መግለጽ ይቀናዋልና ደንቡን ገልብጡት፦ በሥዕሉ ውስጥ ያለ ነገር በስሙ አይጠራ። ድምፅ፣ ሽታና ሙቀት ለግጥም ይተው፤ ሥዕል እነሱን መያዝ አይችልም።

ወረቀቱና ፊደሉ

ለውሃ ቀለም በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይያዝ፤ ከዚያ የሳሳው ሲረጥብ ይሸበሸባል፣ ከፊደሉ ሥር የተሸበሸበ ወረቀት ደግሞ በኋላ ለስካንም ለፍሬምም ያስቸግራል። መጠኑ ኤ3 (297 በ420 ሚሊሜትር) ቢሆን ለግድግዳም ለመጽሐፍም ያመቻል። ከወረቀቱ ቢያንስ ሲሶው ባዶ ይቅር። ይህ ባዶ ቦታ የተረፈ አይደለም፤ የግጥሙ መቆሚያ ነውና ሠዓሊው ከመጀመሩ በፊት ሦስቱን ስንኞች በእርሳስ ቀለል አድርጎ በቦታቸው ያስፍራቸው። ሥዕሉ አልቆ «አሁን ግጥሙን የት እናድርገው?» የተባለበት ሥራ ሁልጊዜ የተጨናነቀ ነው።

በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ጫፉ ጠፍጣፋ ብዕር፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለፊደላችን ይስማማል፤ ቁሙን አወፍሮ አግዳሚውን ያሳሳል። ቀለሙ ሲደርቅ ውሃ የማይፈታው ዓይነት መሆኑን በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩ፦ ጻፉ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ በእርጥብ ብሩሽ እለፉበት። የውሃ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ መጻፍ ካስፈለገ ወረቀቱ ለእጅ ጀርባ ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ ገና አልደረቀም፤ ቀለሙ በቃጫው ውስጥ ይሰራጭና የ«ሰ» እግሮች ይያያዛሉ።

በጃፓን ሃይጋ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ለመምሰል የአማርኛን ፊደል አንድ በአንድ ቁልቁል መደርደር አይገባም፤ አንባቢው ቃሉን ያጣል። ሦስቱን ስንኞች እንደ ደረጃ ገባ ገባ ማድረግ ግን ይቻላል። የተሣለ ሰው ወይም እንስሳ ፊቱን ወዴት እንዳዞረም እዩ፤ ፊቱ ወደ ግጥሙ ቢሆን ዓይን ተከትሎት ይሄዳል፣ ከወረቀቱ ውጭ ቢሆን ተመልካቹንም ይዞት ይወጣል።

በኮምፒውተር ለሚለቀም ጽሑፍ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የመሰለ ፊደል በቂ ነው፤ ያሸበረቀ ፊደል ከሥዕሉ ጋር ይሻማል። ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይሁን፣ ማለትም በኮምፒውተር የፊደል መጠን 48 ነጥብ ገደማ። በዚህ መጠን ረጅሙ ስንኝ ከኤ3 ስፋት ግማሹን ጥቂት አልፎ ይሄዳል። በስንኞች መካከል ያለው ርቀት የፊደሉን መጠን አንድ ተኩል ያህል ይሁን።

አራት ነጥብ በሁለት ኮሎን (::) አይተካ። በስልክ መልእክት ላይ አይታወቅም፣ በ48 ነጥብ ታትሞ ሲሰቀል ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ሞክሼ ፊደላትም እንዲሁ፤ በአንዱ ሰሌዳ «ሠራች» በሌላው «ሰራች» ካለ ዝርክርክ ያስመስላል። አንድ ሰው ሁሉንም ግጥሞች በአንድ ቀን ያርም።

በፎቶ ላይ ግጥም ለሚያስቀምጡ፦ ፊደሉ የሚያርፍበት ቦታ ሰማይ፣ ግድግዳ ወይም ጥላ ይሁን። በቅጠልና በሰው ብዛት ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል አይነበብም። ከሥሩ ጥቁር ንጣፍ ማድረግ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ከዚያ በፊት ፎቶውን በሌላ መንገድ ቁረጡት፣ ወይም ግጥሙን ከፎቶው ውጭ በነጩ ህዳግ ላይ አኑሩት። በፎቶው ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው ካለ ፈቃዱ ይጠየቅ።

ኅትመትና አሰቃቀል

ለኤ3 ኅትመት ምስሉ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) 3508 በ4961 ፒክሰል ሊሆን ይገባል። ለመቁረጫ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ይተው። በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ በፎቶ መልክ የተላከ ሥዕል ይጨመቃል፤ እንደ ሰነድ ይላክ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጽሑፉ ከፊደልነት ወደ ሥዕላዊ ቅርጽ (አውትላይን) ይቀየር፣ አለዚያ ያንን ፊደል ያልጫነ ኮምፒውተር ግጥሙን በባዶ ሳጥኖች ይተካዋል። ስክሪን ላይ የሚያበራ ቀይና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው ሁሉም ሳይታተም የአንዱን ቁራጭ በትክክለኛ መጠኑ በኤ4 ማሳተም የሚያስፈልገው። የጃንጥላው ቀይ ነጥብ ቡናማ ሆኖ ቢወጣ ያን ጊዜ ይታረማል።

ሲሰቀል የሥራው መሀል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ይሁን። ግጥሙ በሌላ ካርድ ላይ ከሆነ ከሥዕሉ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ አይራቅ፣ ከጎረቤቱ ጥምረት ግን ቢያንስ 40 ይለይ፤ ካልሆነ የትኛው ግጥም የየትኛው ሥዕል እንደሆነ ይምታታል። ቅደም ተከተሉ ከንጋት እስከ ሌሊት ወይም በተሄደበት መንገድ ተራ ይሁን እንጂ በስም ፊደል ተራ አይሁን። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ለውሃ ቀለም አይሆንም፤ ይነጣል። ወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች ቤተ መዘክሮች ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ዝቅ ያደርጋሉ። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ዋናው ሳይሆን ቅጂው ይሰቀል፣ የሚለበጥበት ፕላስቲክም የማያንፀባርቅ ይሁን።

በመክፈቻው ዕለት ግጥሞቹ ሲነበቡ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይነበብ። ሃይኩ በጣም አጭር ስለሆነ ሰሚው ጆሮውን እስኪያቀና ያልቃል፤ ምስሉ የሚገባው በሁለተኛው ነው። አንባቢው ከሥዕሉ ጎን ይቁም፣ ፊት ለፊት አይጋርድ። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ዋናዎቹ ሥራዎች አሲድ በሌለው ወረቀት ተለያይተው በጠፍጣፋው ይቀመጡ፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ወፍራም የውሃ ቀለም ወረቀት ሲዘረጋ በቀላሉ አይቃናም። ገጣሚውና ሠዓሊው ጥምረቱ ወደፊት በመጽሐፍ ወይም በካርድ እንዲታተም መፍቀዳቸውን የሚገልጽ አጭር የጽሑፍ ስምምነት በሁለቱም ፊርማ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።